በሳይክል ከተማ የማይሄድ ሳይክል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ባሕር ዳር ሆኜ የማይሄድ ሳይክል ልገዛ ነው፤ ያ ቤት ውስጥ ቆሞ ፔዳሉ ብቻ የሚዞረውን የስፖርት ሳይክል። የሳቃችሁ ሳቁ፣ እኔ እቀጥላለሁ።

ከተማችን እኮ ሜዳ ናት። ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ሴቱም ወንዱም በሳይክል ሲሄድ እያየን ነው ያደግነው። ዳገት ያማረው ደግሞ ቤዛዊት ኮረብታ አለለት። እናቴም ያለችኝ ይኸንኑ ነው፤ «ውጪ መንገድ ሞልቶ፣ ቤት ውስጥ ምን ልታደርጊበት ነው?»

እኔ ግን ያሰብኩት ለእሷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሙ «ይንቀሳቀሱ» ብሏታል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲጥል ግን የጠዋት እርምጃዋ ይቀራል። ሳይክል ላይ የሰውነት ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ ጉልበት እንደ ሩጫ አይመታም።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ ስክሪኑን ነው። ይሄን ያህል ካሎሪ አቃጠልሽ ይላል። ግምት ነው፣ ብዙ አትመኑት። እኔ ጎንበስ ብዬ የማየው ፔዳሉን የሚያከብደው ምን እንደሆነ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ጨርቅ መሰል ነገር የሚሽከረከረውን የብረት ጎማ እየፈተገ ያከብደዋል። ይሠራል፣ ግን ያልቃል፣ ይጮሃል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ጎረቤት አላችሁ። ማግኔት ያለው ግን ጎማውን አይነካውም፤ ማግኔቱ ሲጠጋ ይከብዳል፣ ሲርቅ ይቀላል። የሚፋተግ ስለሌለ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

ማግኔት ነው ስለተባላችሁ ብቻ ሒሳብ አትክፈሉ። የሚያከብደው በእጅ የሚዞር ነው ወይስ በመብራት? ጠይቁ። መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ ምንም አልልም። በእጅ የሚዞረው ሶኬት አይፈልግም፤ ስክሪኑ ራሱ ብዙ ጊዜ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ኮርቻው ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ መሆን አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፍና ፊት ለፊቱ ያማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ግራ ቀኝ ይዋልላል። እኔ ረጅም ነኝ፣ እማዬ አጭር። ስለዚህ ወደ ላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ወደ ኋላም የሚንቀሳቀስ ነው የምፈልገው። ሱቁ ውስጥ ውጡበት። አይፈቀድም ካሏችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ጂም ውስጥ አጎንብሰው የሚነዱት ዓይነት ለእኛ ቤት አይሆንም። የብዙዎቹ ጎማ ከፔዳሉ ጋር አንድ ላይ ነው የሚዞረው፤ እግር ልቁም ቢል ፔዳሉ ይዞት ይሄዳል። ለእሷ መደገፊያ ያለው፣ ፔዳሉ ከፊት የሆነው ይሻላታል። ለመቀመጥም እግር ማንሳት ብዙ የለበትም። ቦታ ይበላል እንጂ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። መካከለኛ የሚባለው እያወራችሁ መንዳት ስትችሉ፣ መዝፈን ግን ሲያቅታችሁ ነው። ይሄን ስነግራት እማዬ ምን አለች? «ታዲያ ጎረቤት ጠርቼ እያወራሁ እነዳለኋ!»

አሁን የቀረን ጭቅጭቅ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። እኔ መኝታ ቤት እላለሁ፣ እሷ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። ሶፋው ሊወጣ ነው መሰለኝ። መደገፊያ ያለውን ገዝታችሁ የተጠቀማችሁ ካላችሁ ድምፅ ላኩልኝ፤ በተለይ ኮርቻው ሲቆይ ይላላ እንደሆነ ንገሩኝ። ቻው።