ሁለተኛ ፕላዝማ አይምጣብን

(ደሴ ላይ ለተሰበሰቡ የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኞች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የኮሌጅ ዲኖች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣችሁ የድርጅት ባለቤቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ሰልጣኞች፤ እንደምን አደራችሁ። አባታችን ስብሰባውን በዱዓ ከፍተውልናል፤ እኛም አሚን ብለናል። ከዱዓ በኋላ ረጅም ንግግር ነውር ነው። ቢሆንም የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነው፤ 20ውንም እጠቀምበታለሁ።

ርዕሴ «ቅይጥና የኦንላይን ስልጠናን በቴክኒክና ሙያ ማስፋፋት» ነው። የጥሪው ደብዳቤ ግን «ብሌንድድ» ነው የሚለው። አንዲት የምግብ ዝግጅት አሰልጣኝ ደብዳቤውን አይታ «ጭማቂ ነው እንዴ?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም። ግማሹን በአካል፣ ግማሹን በስልክ ወይ በኮምፒዩተር አድርጎ ማዋሃድ ነው። ጥያቄው ምን ከምን ጋር ይዋሃድ፣ ጨማቂውስ ማን ይሁን ነው። እኔ የመጣሁት ለሁለተኛው ጥያቄ ነው።

እስቲ በፕላዝማ የተማራችሁ እጃችሁን አውጡ። ይኼን ስጽፍ ሳላያችሁም አውቃለሁ፣ የአዳራሹ ግማሽ ነው የሚያወጣው።

እኔ በ1997 ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። በዚያው ሰሞን ክፍላችን ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ፕላዝማ የምንለው እሱን ነው። ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርዳል፣ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው። የቴሌቪዥኗ መምህር እንግሊዝኛዋ ይፈሳል። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ትላለች። ማን እንደመለሰላት እንጃ። 70 ልጅ አፉን ከፍቶ ያያታል። መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ እሷ ሌላ ምዕራፍ ገብታለች።

አንድ ቀን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ እጁን አወጣና ወደ ስክሪኑ ዞሮ «ቲቸር፣ እባክሽ አንዴ ድገሚልን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህራችን ግን አልሳቀም። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ። ሒሳብ አሳምሮ የሚያስረዳ ሰው ነበር። ጠመኔውን ቀምተው ሪሞት ሰጡት። የዚያን ቀን ፊቱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

አሥረኛ ክፍል ነጥብ አልመጣልኝም። «ወድቆ ቴክኒክ ገባ» ተባልኩ። ብዙዎቻችሁ ይቺን ቃል ታውቋታላችሁ። ስለ እሷ ሌላ ቀን እናወራለን።

የዛሬው ነገሬ ግን ከዚያ ሪሞት ይጀምራል። ኦንላይን፣ ዲጂታል፣ ፕላትፎርም ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ መምህር ነው። ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። ቴክኖሎጂው አሰልጣኙን አልፎት ሲሄድ ምን እንደሚመስል ስላየሁ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ነገሩ የሆነው በ2016 ነው። እኔ የብየዳ አሰልጣኝ ነኝ። ወርክሾፓችን ውስጥ ስልክ አይገባም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንዲት ከኩታበር የመጣች ሰልጣኝ ነበረች። ሁልጊዜ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም የብየዳው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ይለጠፍባታል። ነቅላ እንደገና ትጀምራለች፣ እንደገና ይለጠፋል። አንድ ቀን እኔ ቱቦላሬ እየበየድኩ ሳሳያቸው በጎን ስልኳን ስትደግን አየኋት። ተቀበልኳትና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ሳምንት። «ቲክቶክ ሌላ ቦታ!» ብዬ ሰው ፊት ተቆጣኋት።

በሳምንቱ ስልኩን ልመልስላት ስል «ቲቸር፣ ቲክቶክ አይደለም እኮ፣ ይዩት» አለችኝ። ከፈተችው። 4 ደቂቃ ነው። ብየዳ በስልክ ቀርጻችሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ብርሃኑ ካሜራውን ያሳውረዋል፣ ነጭ እሳት ብቻ ነው የሚታየው። እሷ ግን ከተሰበረ ማስክ ላይ ጥቁሩን መስታወት ፈልቅቃ የስልኩ ካሜራ ላይ በፕላስተር ለጥፋዋለች። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። የቀለጠው ብረት ሲከተል፣ ቅርፊቱ ከኋላ ሲረጋ። ድምፁም አለ። በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ልክ ሲሆን ብየዳ ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲጣል የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል፤ ሲርቅ ይንጣጣል፣ ሲጠጋ ይታፈንና ይለጠፋል። ይህን በሰሌዳ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የራሴን እጅ ሥራ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮዱን ከማንሳቴ በፊት ትንሽ ቆም እላለሁ፣ ወደኋላ መለስ እላለሁ፣ ከዚያ አነሳለሁ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጉድጓድ እንዲሞላ ነው፤ ካልተሞላ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን አሥራ ምናምን ዓመት ሳደርገው ኖሬያለሁ። ለአንድም ሰልጣኝ በአፌ ተናግሬው አላውቅም። እጄ ያውቀዋል፣ አፌ አያውቀውም። ቲቲኤልኤም በምንለው የማሰልጠኛ ጽሑፍ ውስጥም የለም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ረስቼዋለሁ።

እሷ ግን አይታዋለች። «እዚህች ጋ ምንድነው የሚያደርጉት?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ሳምንት ስልኳን ባልቆልፍባት ኖሮ ጥያቄውን ከሳምንት በፊት ትጠይቀኝ ነበር።

ያን ጊዜ የሞባይል ዳታ አልነበረም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። ቪዲዮው ግን ሄደ። ያለ ኔት ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ለትብብር ስልጠና፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ሊሠለጥኑ፣ ወደወጡት ልጆች። በኋላ ሐይቅ ከተማ አንድ ጋራዥ ገብቼ ረዳቱ ሲያየው አገኘሁ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። እጄን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ ቅይጥ ስልጠና ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ማንም ሳያቅድለት፣ ማንም በጀት ሳይመድብለት፣ እኔ እየከለከልኩት የተሠራ።

አሁን ደግሞ በጀት የተመደበለትን ልንገራችሁ። እዚህ ጋ ትንሽ ብናደድ ይቅርታ።

በአንድ ወቅት እኔ የማውቀው ኮሌጅ ውስጥ «ሁሉም ሞጁል እስከ ዓርብ ፕላትፎርም ላይ ይጫን» የሚል መመሪያ መጣ። ጫንን። ፒዲኤፍ ነው። ያው የምናውቀው ቲቲኤልኤም፣ ስካን ተደርጎ፣ ገጹ ተጣሞ። የእኔ እጅ ቸኩሎ በብረታ ብረት ዘርፍ ሥር የወተት ላም አያያዝን ጫነ። በእውነት ነው የምላችሁ። 8 ወር እዚያው ተቀመጠ። በብየዳ ደረጃ 2 ላይ ላም። አንድም ሰልጣኝ አልጠየቀም፣ አንድም ኃላፊ አላየም። ሪፖርቱ ግን «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ይላል። ላሟም በመቶው ውስጥ ተቆጥራለች!

እኔን የሚያናድደኝ ላሟ አይደለችም። ማንም ገልጦ እንደማያየው እያወቅን እንድንጭን መደረጉ ነው። ያ ፕላዝማ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ሆኖ ኪስ ውስጥ ገባ እንጂ ያው ፕላዝማ ነው። ከላይ ይወርዳል፣ አይሰማም፣ አይጠየቅም። እኛም በር ላይ ሪሞት ይዘን ቆመናል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ትምህርቱን መሣሪያውን የያዘው ሰው ይሥራው። በእኛ ወርክሾፕ፣ በእኛ ሞርሳ፣ በእኛ አማርኛ። «ቱቦላሬ» እንበለው፣ «ላሜራ» እንበለው፣ «ካቻቪቴ» እንበለው። ልጆቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብተው የሚሰሙት ስም ይሄ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም ከጎኑ እንጽፍላቸዋለን፤ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ላይ ይጠቅማቸዋል።

«ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል» የሚለኝ አለ። ሞልቷል። ሕንዱም፣ አሜሪካዊውም ጎበዝ ነው። ግን የእሱ ወርክሾፕ መብራት አይቆራረጥበትም። እኔ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር ብዬ አስተምራለሁ። እዚህ ማታ ማታ ኃይሉ ሲወርድ ማሽኑ ላይ 80 ስትሞላ ብረቱ ላይ 80 አይደርስም። ይህን የሚያውቅ ማነው? እናንተ ናችሁ! ታዲያ ይህን የምታውቁ ሰዎች ለምን ፒዲኤፍ ጫኝ ትሆናላችሁ?

ደግሞ ሌላ። እኔ አንድ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ በደንብ ለመሥራት ሦስት ምሽት ይፈጅብኛል። መቅረጽ፣ መቁረጥ፣ ድምፅ መጨመር፣ ጥያቄ ማዘጋጀት። የሥራ ጫናዬ ሲሰላ ግን የሚቆጠረው ክፍል ውስጥ የቆምኩበት ሰዓት ብቻ ነው። ቪዲዮው ዜሮ ነው። ዲጂታል ሁኑ ትሉናላችሁ፣ የዲጂታሉን ሰዓት አትቆጥሩትም። ይህ ካልተቀየረ ቀሪው ሁሉ ወሬ ነው። ዲኖች፣ ይቺን ጻፉልኝ።

ስለ ኢንተርኔቱ ቶሎ ልበል። ወሎ ውስጥ ኔት ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ የሚያቅድ ሰው ወሎን አያውቃትም። በ2014 ምን እንዳለፍን፣ ከስንቱ ወርክሾፕ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን ማሽኑም እንደሄደ ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ ነገሩ ያለኔት እንዲሠራ ተደርጎ ይጀመር። ሙድል የሚባለው ሥርዓት ነፃ ነው፤ የስልኩ መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔት ያስነብባል፣ ኔት ሲገኝ የሠራኸውን ይልካል። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ከመነሻው ኔት ለሌለበት ቦታ የተሠራ ነው። መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ፣ ዋይፋይ በግቢው ውስጥ ብቻ ለቆ፣ ልጁ ደጅ ቁጭ ብሎ ያወርዳል። አንድም ካርድ አይሞላም። ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ክፉ ቀን ከመጣም ይዞት መውጣት ይቻላል።

ስልክ የሌላቸውስ? አሉ፣ በተለይ ሴቶቹ። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለ የወንድሟ ነው። ኮሌጁ ስቶር ውስጥ ታሽገው የተቀመጡ ታብሌቶች ካሉ ይከፈቱና እንደ መጽሐፍ በፊርማ ይውጡ። «ቢጠፋስ?» ትላላችሁ። ስቶር ውስጥ ባትሪው እየሞተ ነው፤ ያም መጥፋት ነው።

ለድርጅት ባለቤቶች አንዲት ነገር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ልጆቻችንን ለመቀበል ደስ ብሎን ነበር። አሁን ሰልጣኝ ለትብብር ስልጠና እናንተ ዘንድ ሲወጣ እኛ በወር አንዴ ብቅ እንላለን፣ ፈርመን እንመለሳለን። ልጁ መጥረጊያ ይያዝ ማሽን ይያዝ አናውቅም። የሠራውን በሳምንት አንዴ በስልኩ ቀርጾ ይላክልን። የፋብሪካው ምስጢር የሆነውን ሳይሆን እጁን ብቻ። ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

እና አንድ ስጋት፣ በአጭሩ። ኦንላይን ሲባል የወርክሾፕን በጀት መቀነሻ ዘዴ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ኤሌክትሮድ ላለመግዛት ቪዲዮ ማሳየት። እንዳታስቡት! 70 በመቶ ተግባር እያልን ስንምል ኖረናል። ቪዲዮው የሚያድነው ሰዓት ልጁ ብዙ ኤሌክትሮድ እንዲያቃጥል ነው እንጂ እንዳያቃጥል አይደለም። ዋናን በስልክ የተማረ ሰው ሐይቅ ላይ ወስዳችሁ ጣሉትና እዩ።

ደቂቃዬ እያለቀ ነው፣ አባታችንም ሰዓታቸውን አይተዋል።

ያቺ የኩታበር ልጅ አሁን ተቀጥራለች። ቪዲዮውን ለዛሬ እንዳመጣው ፈቅዳልኛለች፤ ስሜን ግን አትጥሩ ብላለች። ስልኬ ላይ አለ፣ 38 ሜጋ ነው። የላሟ ፒዲኤፍም አለ፣ ለሚፈልግ። ሻይ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ እሆናለሁ። ዜንደራችሁን ክፈቱና ኑ።

አመሰግናለሁ።