የተሰበረው ክንድና የሕክምና ካርዱ፦ የአካል ጉዳት፣ የሕክምና ጥፋትና ካሳ

(ምስል፦ ፒያሳ፣ በማለዳ፤ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የቆመበት ሕንፃ)

በአዲስ አበባ መሀል በእግሩ የሚሄድ ሰው ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ በግንባታ መወጣጫ ሥር ያልፋል፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ይሻገራል፣ የእግረኛው መንገድ ሲዘጋበትም ከመኪና ጋር ይጋፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዳንዶቹን አደጋዎች በስም ጠርቶ ዳኝቷቸዋል። በአንቀጽ 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊገመት በማይችል ምክንያት የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው፤ ከሕንፃው ላይ ወድቆ ሰው ለጎዳ ዕቃ ደግሞ አንቀጽ 2080 በሕንፃው የሚገለገለውን ሰው ይጠይቃል። በእነዚህ ሁኔታዎች ተጎጂው የሌላውን ቸልተኝነት እንዲያስረዳ አይገደድም።

ሐኪም ቤት ከተገባ በኋላ ግን ሚዛኑ ይለወጣል።

(ምስል፦ ጀሶ የታሰረ ክንድ፤ ካሜራው ወደ ጣቶቹ ይቀርባል)

አንድ የቀን ሠራተኛ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ እንበል። ጀሶ ታስሮለት ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሌሊት ላይ ሕመሙ በማስታገሻ አልመለስ ይላል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ሰው ቀጥ ሊያደርግለት ሲሞክር ደግሞ ያስጮኹታል። ያበጠው ጡንቻ የሚሰፋበት ቦታ አጥቶ የራሱን የደም ዝውውር እያፈነ ነው፤ ጀሶው በአፋጣኝ ካልተፈታ፣ ካስፈለገም ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት፣ ጡንቻውና ነርቩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው ክንድም በዚሁ መንገድ ጠቁሮ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

እጁ ከተቆረጠ ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት ነው? ብዙዎቻችን ለመፍረድ የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነው። እብጠት የተሰበረን አጥንት በደንብ በታከመ ሰው ላይም ይመጣልና ሕጉ በውጤቱ ብቻ አይፈርድም። አንቀጽ 2031 የሚጠይቀው ባለሙያው የሙያውን ደንብና የታወቀውን ሳይንሳዊ እውነት ጠብቆ ሠርቷል ወይ ብሎ ነው። በእኛ ምሳሌ፣ ጀሶው ከታሰረ በኋላ የጣቶቹ ስሜትና የደም ዝውውር ታይቶ ነበር ወይ? ታካሚው የትኛው ምልክት ሲታይበት ሳይውል ሳያድር መመለስ እንዳለበት ተነግሮት ነበር ወይ? ሌሊቱን ሲመለስስ ጀሶው ተፈታለት ወይስ ሌላ ማስታገሻ ታዞለት ተሸኘ?

መልሱ ያለው በሕክምና ካርዱ ላይ ነው። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሆነ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር በቅድሚያ የሚያገላብጠው በካርዱ የሰፈረውን ነው፤ ስለዚህ የካርዱን ቅጂ፣ የራጅ ውጤቱን፣ የመድኃኒት ማዘዣውንና ደረሰኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ ይገባል። ሰዓቱን የሚያሳይ የጣቶቹ ፎቶግራፍም በኋላ ከሚመጣ ረጅም አቤቱታ ይልቅ ይረዳል።

ጥፋቱ ከተረጋገጠ አንቀጽ 2651 ሆስፒታሉን ለሐኪሞቹና ለረዳት ሠራተኞቹ ጥፋት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዚህ ጎን የወንጀል ኃላፊነት አለ፤ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 ደግሞ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ሲያስቀጣ፣ የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል።

የካሳው መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የሕክምና ወጪውና የቀረው ገቢ በዚህ ይሰላሉ። የኅሊና ጉዳት (በመንፈስ ላይ የደረሰ ሥቃይ) ካሳን ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. ምናልባት ክብደት የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ እጁን ላጣ ሰው ካሳ ተብሎ ሲነገር ያሳፍራል።

(ምስል፦ ልደታ፣ የፍርድ ቤቱ ደጃፍ)

የሚቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ድርጊቱ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ያስቀመጠለት ወንጀል ከሆነ ያ ይርጋ ለካሳውም ያገለግላል። በአገራችን ልማድ ነገሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ቀጠሮው ከፋሲካ ወደ ፍልሰታ፣ ከፍልሰታ ወደ መስቀል ሲገፋ ሁለቱ ዓመታት ያልቃሉ፣ ተከሳሹም ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ያቀርባል። ክስ መመሥረት ግን ሽምግልናን አያፈርስም፤ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ስምምነታቸውን በዚያው መዝገብ ላይ አስመዝግበው ጉዳዩን መዝጋት ይችላሉ።