በፉርሽካው የምናጣው
የሩዝ ፈልፋዮች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ስትገቡ በሩ አጠገብ ሦስት ትሪ ሩዝ ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ገለባው ብቻ የተነሳለት ቡናማ ሩዝ ነው። ሁለተኛው ያው ሩዝ ነጥቶ ነው። ሦስተኛው ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ከነገለባው ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ የተፈለፈለ ነው። ሦስቱም ከአንድ ማሳ በአንድ ቀን የታጨዱ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው የእኛ ሥራ ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው። ሩዙን ምግብ የሚያሳጣው ስህተትና እኛን ገንዘብ የሚያሳጣን ስህተት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ሒሳቡን ታውቁታላችሁ። 100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ሲገባ 20 ኪሎ ገደማው ገለባ ሆኖ ይወጣል። ከ8 እስከ 10 ኪሎው ፉርሽካ ነው። የሚቀረው 70 ኪሎ ገደማ ነጭ ሩዝ ነው፤ እሱም ሩዙ በደንብ ከደረቀና ማሽኑ ደህና ከሆነ። አሮጌው የብረት መፈልፈያ ገለባውንም ፉርሽካውንም በአንድ ዙር ስለሚፍቅ ፍሬውን ያደቀዋል። ብዙ ጊዜ 55 ኪሎ ቢያወጣ ነው። ስብርባሪው፣ ገለባውና ፉርሽካውም ተደባልቀው ስለሚወጡ ፉርሽካውን ለብቻው መሸጥ አይቻልም። ባለ ላስቲክ ሮለሩ ይሻላል። ሁለቱ ሮለሮች በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ገለባውን ብቻ ይገፉታል።

ይኼ ፉርሽካ የምንለው ነገር በጣም ስስ ሽፋን ነው። ግን የሩዙ ዘይት፣ አሰርና አብዛኛው ቫይታሚን ቢ እሱና ሽሉ ውስጥ ነው ያለው። 100 ግራም ቡናማ ሩዝ ውስጥ 0.4 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ቢ1 አለ። ሲነጣ ወደ 0.07 ይወርዳል። ለማንጣት በፈጀነው ጥቂት ደቂቃ ከአምስት እጅ አራቱ ሄደ ማለት ነው።

ይኼ ቁጥር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ክርስቲያን አይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ ቤሪቤሪን ያጠና ነበር። ቤሪቤሪ እግር የሚያዝል፣ ልብ የሚያደክም፣ የሚገድል በሽታ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ተህዋስ ነበር። አንድ ሰሞን ለምርምር ያስቀመጣቸው ዶሮዎች መንገዳገድ ጀመሩ። እግራቸው አልታዘዝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ዳኑ። መድኃኒት የሰጣቸው ሰው የለም። ነገሩ ሲጣራ ለካ ቀለባቸው ተቀይሯል። ከወታደራዊው ሆስፒታል ማዕድ ቤት የተረፈ ነጭ ሩዝ ይበሉ ነበር። አዲስ የመጣው ምግብ አብሳይ ግን የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹ ያልነጣ ሩዝ ሲበሉ ተነሱ። አይክማን መጀመሪያ ላይ ነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። በ1901 ባልደረባው ኸሪት ኽራይንስ ነገሩን አቀናው፦ ችግሩ የተጨመረ ነገር ሳይሆን የጎደለ ነገር ነው። በ1912 ካዚሚር ፉንክ ለዚያ ለጎደለው ነገር ቫይታሚን የሚለውን ስም አወጣለት። አይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። አስቡት፤ ቫይታሚን የሚለው ቃል ከእኛ የሥራ ዘርፍ፣ እኛ ፍቀን ከምንጥለው ነገር የወጣ ነው።

እንግዲያው ሁሉም ሰው ቡናማ ሩዝ ይብላ ልል ነው? አይደለም። ቡናማ ሩዝ ለመብሰል ጊዜና ማገዶ ይፈጃል። ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ መጋዘን ውስጥ እንደ ነጩ አይቆይም። አፈሩ ወይም ውሃው አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ያለበት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ የሚጠራቀመው ፉርሽካው ላይ ነው። ነጭ ሩዝ የሚወዱ ሰዎች ያለ ምክንያት አልወደዱትም።

የእኔ ቅሬታ ከልክ በላይ ማንጣቱ ላይ ነው። ፉርሽካው ካለቀ በኋላ ማሽኑ የሚፍቀው ስታርቹን፣ ማለትም ነጩን ፍሬ ራሱን ነው። ያ በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው! ገዢው በዓይኑ ለማይለየው ንጣት ስንል ኪሎ እናጣለን፣ መብራት እናቃጥላለን፣ ፍሬ እንሰብራለን። የተረፈውም ቫይታሚን አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ትሪ ላይ ያለውን ያቀረብነው ለዚህ ነው። ፓርቦይልድ የሚባለው ነው። በደቡብ እስያና በምዕራብ አፍሪካ የቆየ ሙያ ነው። ሩዙ ከነገለባው ይዘፈዘፋል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይደርቃል። በዚህ መሃል ከሽፋኑ ቫይታሚን ቢ ወደ ፍሬው ውስጥ ይሰርጋል። ስታርቹ ለስልሶ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል። ስለዚህ ሲፈለፈል ብዙ አይሰበርም፤ ቢነጣም ቫይታሚኑ ሙልጭ ብሎ አይወጣም። ሽታው ትንሽ የተለየ ነው፣ ለመብሰልም ይቆያል። ቢሆንም በእኔ እምነት ከምናውቃቸው ዘዴዎች ለበላተኛውም ለባለ መፈልፈያውም እኩል የሚጠቅም እንደሱ ያለ የለም።

ስብራት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ አንድ መፈልፈያ ቤት ስቀጠር ኃላፊው ሩዙን ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣና ሌሊት ሳይሸፍነው ያድር ነበር። ጠል ይመታዋል። በማግስቱ ፀሐዩ መልሶ ያደርቀዋል። ስንፈለፍለው ግማሹ ስብርባሪ ሆኖ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የማሽኑ ነበር። አንድ አዛውንት መካኒክ ተጠርተው መጡ። ማሽኑን አልነኩትም። አንዲት ፍሬ ላጡና አምፖሉ ላይ ያዟት። በፍሬዋ ወገብ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ነበረች። «ይኼ ከእኔ ዘንድ ሳይመጣ የተሰበረ ነው» አሉ። ደርቆ የነበረ ሩዝ እርጥበት መልሶ ሲጠጣ ውስጡ ይሰነጠቃል። ማሽኑ የሚያደርገው ስንጥቁን መለያየት ብቻ ነው። ሲታጨድ ከ20 እስከ 25 በመቶ እርጥበት ያለውን ሩዝ ቀስ አድርጎ ወደ 14 በመቶ ማውረድ፣ ከዚያ ዳግም እንዳይረጥብ መጠበቅ፣ ከማንኛውም አዲስ ማሽን በላይ ያስገኛል።

ፉርሽካውን ግን ለነገ አታሳድሩት። ከ15 እስከ 20 በመቶ ዘይት አለው። ከፍሬው በተላቀቀ ሰዓት ውስጡ ያለው ኢንዛይም ዘይቱን ማበላሸት ይጀምራል። ጠዋት የወጣውን ማታ አሽትቱት፣ ይገባችኋል። በዚያው ቀን በሙቀት ከታመሰ ግን ዘይት ይጨመቅበታል፣ ለሰው ምግብም ይሆናል። ከቆየ ከከብት መኖ አያልፍም፤ ለመኖም ቢሆን በአግባቡ ካልተያዘ ይሻግታል። ገለባው ደግሞ ራሱ ማገዶ ነው። ለመቀቀያውም ለማድረቂያውም ይበቃል።

ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬው ውይይት የሚያቀርበው ሐሳብ ከዚህ የወጣ ነው። አባላት ሩዝ ሲረከቡ እርጥበቱን በመለኪያ ለክተው፣ በደንብ ላደረቀ ገበሬ የተሻለ ዋጋ ይክፈሉ የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ወጪው ያሳስባችኋል፣ አውቃለሁ። ተቃውሞአችሁን በግልጽ አቅርቡት፤ ጊዜ መድበንለታል። ከዚያ በፊት ግን የ15 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ከትሪዎቹ ጎን አምፖልና አንድ ጆንያ ያልተፈለፈለ ሩዝ አስቀምጠናል። አንዳንድ ፍሬ ልጣችሁ ብርሃኑ ላይ ያዙት። ወገቡ ላይ መስመር ያለበትንና የሌለበትን ለይታችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ውይይቱን ከእሱ እንጀምራለን።

ጉባኤው ተከፍቷል።