ድሪል ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳችሁን አንኳኩ

[ምስል፦ የብሎኬት ግድግዳ። አንድ እጅ ያንኳኳል።]

በባትሪ የሚሰራ ድሪል ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ቮልት። እኔ ግን የማስቀድመው ቤቱ በምን እንደተሰራ ነው። ባህር ዳር ውስጥ አንዱ ግቢ ብሎኬት ነው፣ ጎረቤቱ እንጨትና ጭቃ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም።

ብሎኬት ከሆነ መዶሻ ያለው ድሪል ግዙ። እየተሽከረከረ ፑንታውን (የሚበሳውን ብረት) ወደ ፊት የሚመታ ማለት ነው፤ አንገቱ ላይ ባለው ቀለበት የመዶሻ ምልክት አለው። ግን ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ከመነሻው በመዶሻ ከወረዳችሁበት የውስጡ ጠርዝ ይፈረፈርና ፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪቲውን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይላላል። የግድግዳ ፑንታ አስገብታችሁ መጀመሪያ ያለ መዶሻ ሞክሩት። አልበሳ ሲል ብቻ መዶሻውን አብሩ። የአርማታ ምሰሶ ላይ ግን አትድከሙ፤ ለእሱ ሂልቲ የሚሉትን ትልቁን ማሽን ተከራዩ።

ጭቃ ግድግዳ ፊሸር አይዝም። እያንኳኳችሁ ከጀርባ ያለውን የባህር ዛፍ ቋሚ ፈልጉና ቪቲውን እሱ ላይ እሰሩ። ደረቅ ባህር ዛፍ ስለሚሰነጠቅ አስቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱት። ለዚህ ተራ ድሪል ይበቃል።

[ምስል፦ ድሪልና ኢምፓክት ድራይቨር ጎን ለጎን።]

አጠር ያለው ኢምፓክት ድራይቨር የሚባለው የቪቲ ማሰሪያ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ግድግዳ የሚበሳው እሱ ይመስለዋል። አይደለም! ምቱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ቪቲው ሲከብደው ውስጡ ያለው መዶሻ እየመታ ያዞረዋል። ረጅም ቪቲ ዋንዛ ውስጥ ሲያስገባ የእጃችሁን አንጓ የማይጠመዝዘው ለዚህ ነው። አንድ የቤት ድሪል የማዞር ጉልበቱ 50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ባለ 18 ቮልት ኢምፓክት 150ን ያልፋል። አፉ የሚቀበለው ባለ ስድስት ጎን እግር ያለውን ብቻ ነው፤ ክቡ ፑንታችሁ አይገባበትም። ጩኸቱም ጆሮ ይበጥሳል።

አሁን የድሪሉን አንገት ቀረብ ብላችሁ እዩ። ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለው። የቁም ሳጥን ማጠፊያ ስትገጥሙ ከትንሹ ቁጥር ጀምሩ። ቪቲው ቦታውን ሲይዝ ድሪሉ "ጠቅ ጠቅ" ብሎ ማጥበቁን ያቆማል። ቁጥሩ ካነሰ አንድ ጨምሩ። ኢምፓክት ብዙውን ጊዜ ይህ ቀለበት የለውም፤ ቺፕውድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ጣውላ) ላይ ከያዛችሁት ቀዳዳውን ፈጭቶ ቪቲውን ያስለቅቀዋል።

ስለዚህ መጋረጃ፣ መደርደሪያና የበር ቁልፍ ለሚገጥም ሰው አንድ መዶሻ ያለው ድሪል በቂ ነው። ኢምፓክቱ የሚያዋጣው አጥር፣ አልጋ ወይም ጣሪያ ለሚሰራ ነው። ኢጋ ቆርቆሮ ስታስሩ ግን መቀስቀሻውን ቶሎ ልቀቁ። የቪቲው ጎማ ከተጨፈለቀ ሐምሌ ላይ ጣሪያው ያፈሳል።

[ምስል፦ የባትሪ ጀርባ፣ ትንንሹ ጽሑፍ።]

ወደ ባትሪው እንምጣ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሱቅ ገብታችሁ "48"፣ "88" የሚል ድሪል ታያላችሁ። ባትሪውን ገልብጡና ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ። አብዛኛው ውስጡ 5 ሴል (ትንንሽ ባትሪ) ነው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ነውና በ5 ሲባዛ 18 ይሆናል፤ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 21 ይደርሳል። በቃ! ዲዎልት አሜሪካ ውስጥ "20 ቮልት ማክስ" የሚለውም አውሮፓ ላይ 18 ተብሎ ይሸጣል።

ከአሜሪካ ዘመድ ካመጣላችሁ ቻርጀሩን ሳታነቡ እንዳትሰኩ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ወይ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር፣ ወይ የ220 ቻርጀር ፈልጉ። ዘመዳችሁም ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ቤት ከአንድ ባለ 4 አምፔር ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) ባትሪ ይልቅ ሁለት ባለ 2 ይሻላል። አንዱ ሲሰራ ሌላው ቻርጅ ይደረጋል። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ይበላል። የማኪታ ባትሪ ቦሽ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ወደፊት ኢምፓክቱን ለመጨመር ካሰባችሁ ባትሪው ለሁለቱም የሚሆን ግዙ። አቅም ከፈቀደ ሞተሩ ውስጥ ካርቦን (እየተፋተገ የሚያልቅ ቁራጭ) የሌለውን፣ ብራሽለስ የሚባለውን ምረጡ፤ ባትሪው ረዘም ይላል፣ የሚቀየር ካርቦንም የለውም።

ሱቁን ሳትለቁ ቀጭን ፑንታ አስገቡና አስነሱት። ጫፉ ከተወዛወዘ መጀመሪያ ፑንታውን ቀይራችሁ እዩ። አሁንም ከተወዛወዘ "ሌላ አውጣልኝ" በሉት።