«አጥፋ» ስንል ምን ማለታችን ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ከስራ በቀጥታ ነው የመጣችሁት፣ ስለዚ ሳላንዛዛ ልግባ።

መብራት አጥፋ እንላለን፣ ስልክህን አጥፋ እንላለን፣ ፋይሉን አጥፋው እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። እናቴ ስልኳን አጥፍታ ተኛች ካልኳችሁ ጠዋት ትከፍተዋለች፣ ፎቶዎቹን አጥፍታ ተኛች ካልኳችሁ ግን በቃ ጠዋትም የሉም። እኛ እርስ በርስ ስናወራ ይሄ ነገር አስቸግሮን አያውቅም፣ ሰሚው ከሁኔታው ይገባዋል። አሁን ግን ትእዛዛችንን የሚቀበለው ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በኛ ፈንታ ስራ የሚሰራ ፕሮግራም፣ እየሆነ ነው፣ ኤጀንቱ ደሞ ስለኛ ሲስተም የሚያውቀው እኛ ለቱሉ፣ ማለትም ስራውን ለመስራት ለሚጠራው መሳሪያ፣ የጻፍንለትን ማብራሪያ ብቻ ነው።

በፊት የምሰራበት ቦታ የሆነውን ልንገራችሁ። አርብ ማታ ነው፣ አንዷ ባልደረባችን ለኤጀንቱ በአማርኛ «የቴስት ሰርቨሩን እስከ ሰኞ አጥፋልን» ብላ ጻፈችለት፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም ስለማይነካው ወጪ ለመቀነስ ብላ ነው። ኤጀንቱ ሁለት ቱል ነበረው፣ የአንዱ ማብራሪያ «ሰርቨር ያቆማል» ይላል፣ የሌላኛው «ሰርቨር ያጠፋል፣ የሰርቨሩን አይዲ ይቀበላል» ይላል፣ አለቀ፣ ሌላ ቃል የለውም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ አጥፋ አለች፣ ቱሉም ያጠፋል ይላል፣ ቃል ለቃል ገጠመለት። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ሰርቨሩ የለም፣ ዲስኩም አብሮ ሄዷል፣ ዲስኩ ላይ የነበረው ደሞ ቴስት የሚሰሩት ልጆች ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጃቸው እያስገቡ ያዘጋጁት ዳታ ነው። አንዷ ልጅ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ስክሪኑን ስታይ አሁንም ይታየኛል፣ ምንም አላለችም።

«እስከ ሰኞ» የሚለውን እንዴት አላስተዋለም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ ማስተዋል ነበረበት። ግን ማብራሪያው ላይ የጠፋው ሰርቨር እንደማይመለስ የሚል ነገር የት አለ? ሰኞ ተመልሶ ይነሳል ብሎ ቢያስብ የሚከለክለው አንድም ቃል አልጻፍኩለትም።

የአማዞንን የኪራይ ሰርቨር፣ ኢሲቱን፣ የምትጠቀሙ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ስቶፕ ስታደርጉት ኢቢኤስ ዲስኩ ይቀመጣል፣ ስትፈልጉ ታስነሱታላችሁ። ተርሚኔት ካደረጋችሁት ግን ሰርቨሩ አይመለስም፣ ሲስተሙ የተጫነበት ዲስክም ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት አብሮ ይሰረዛል። ለኛ ለሰዎቹ ይሄን ከስራ ብዛት ስለምናውቀው ሳይጻፍ የሚያልፍ ነገር ነው፣ ለኤጀንት ግን መጻፍ ያለበት እሱ ነው፣ አይዲ ይቀበላል የሚለውንማ ከፓራሜትሩ ያየዋል።

ከዛ በኋላ ማብራሪያውን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፣ ላንብብላችሁ። «ይሄ ቱል ሰርቨሩን ለዘለቄታው ይሰርዛል። ዋናው ዲስክ ከነዳታው አብሮ ይሰረዛል፣ ቀድሞ የተወሰደ ስናፕሾት (የዲስኩ ቅጂ) ከሌለ ዳታው አይመለስም። ለጊዜው ለማቆም ይሄን አትጠቀም፣ ስቶፕ የሚለውን ቱል ተጠቀም። ተጠቃሚው አጥፋ ወይም ዝጋ ካለ ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል የትኛውን እንደፈለገ ጠይቅ፣ አትገምት። ከመጥራትህ በፊት የሰርቨሩን ስምና የመጨረሻውን ስናፕሾት ቀን ለተጠቃሚው አሳየውና እሺ ሲል ብቻ ቀጥል።»

ረዝሟል፣ አውቃለሁ፣ ኤጀንቱ የሚያነበው ጽሁፍ የሚቆጠርበትን ቶክንም ይበላል። ሊስት ለሚያወጣ ቱል እንዲህ አልጽፍም፣ አንድ መስመር ይበቃዋል። የሚሰርዝ ቱል ላይ ግን መቆጠብ ለኔ ስህተት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፣ ድጋሚ ሲጠራ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ኔትወርክ ተቆራርጦ መልሱ ካልደረሰው ኤጀንቱ ደግሞ ሊጠራ ይችላል፣ እኛ ሀገር ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በአይዲ የሚሰርዝ ከሆነ ችግር የለውም፣ ሁለተኛው ጥሪ የሚያገኘው የለም። «የመጨረሻውን ኦርደር ሰርዝ» የሚል ቱል ከሆነ ግን በሁለተኛው ጥሪ የሌላ ሰው ኦርደር ይሄዳል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ከተሰረዘ በኋላ የመጨረሻ የሚባለው ሌላ ነው። እንዲህ አይነቱን ቱል ዶክመንት ከማድረግ ዲዛይኑን ቀይሩት፣ አይዲ ይቀበል።

የኤረር መልእክትም ያው ዶክመንቴሽን ነው፣ ይሄንን ልብ በሉልኝ። «ሰርቨሩ ፕሮቴክት ተደርጓል፣ ለማለፍ ፎርስን ትሩ አድርግ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሰው ሲያነበው ቆም ይላል፣ ስራውን መጨረስ የሚፈልግ ኤጀንት ግን እንደ ቀጣይ ስቴፕ ሊወስደው ይችላል። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። «ይሄ ሰርቨር ተጠብቋል፣ እዚህ ላይ አቁምና ለተጠቃሚው ንገር» በሉት።

በጁላይ 2025 ኮድ በኤአይ በሚጻፍበት ሪፕሊት ላይ የሆነውን ሰምታችኋል። ኮድ እንዳይነካ፣ ፍሪዝ ነው ተብሎ እየተነገረው ኤጀንቱ ስራ ላይ ያለውን፣ ፕሮዳክሽን ዳታቤዙን አጠፋው፣ ከ1,200 በላይ የድርጅት ሀላፊዎች መረጃ ያለበት። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ኤጀንቱ ወደኋላ መመለስ አይቻልም ብሎ ተናገረ፣ የዳታቤዙ ባለቤት ሲሞክረው ግን ተመለሰ። አስቡት፣ ዳታው ጠፋ ብሎ የደነገጠ ሰው መዳኛው እጁ ላይ እያለ የለም ሲባል። ስለዚ ማብራሪያችሁ ላይ ይመለሳል ወይ፣ እስከ ስንት ቀን፣ በየትኛው ቱል የሚለውን ጻፉ፣ የማይመለስ ከሆነም በግልጽ አይመለስም በሉ፣ ኤጀንቱ ከራሱ እንዲሞላው አትተዉለት።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጽሁፍ ብቻውን በር አይዘጋም። ኤጀንቶች ከቱሎች ጋር የሚገናኙበት ኤምሲፒ ላይ አንድ ቱል አጥፊ መሆኑን የሚናገር ዲስትራክቲቭ ሂንት የሚባል ምልክት አለ፣ ደስ የሚለው ነገር ምንም ካልጻፋችሁ አጥፊ እንደሆነ ነው የሚቆጠረው፣ ቢሆንም ስሙ እንደሚለው ሂንት ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። ኮድ የሚቀመጥበትን ጊትሃብን እዩት፣ በዌብሳይቱ ሪፖ፣ ማለትም የኮዱን ማስቀመጫ፣ ስትሰርዙ ስሙን በእጃችሁ እንድትጽፉ ያስገድዳችኋል፣ ፕሮግራሞች በሚገቡበት በኤፒአዩ በኩል ግን ሪፖ የመሰረዝ ፈቃድ ያለው ቶክን፣ ማለትም የመግቢያ ቁልፍ፣ ካለ አንድ ጥሪ ነው። ለሰው የሰራነው ማስጠንቀቂያ በሙሉ ያለው በተኑ ላይ ነው፣ ኤጀንቱ በዛ በኩል አያልፍም። ስለዚ ሰርቨር ሳይድ ላይ መከልከል አለባችሁ፣ ቶክኑን አጥብቡት፣ ኢሲቱ ላይ ተርሚኔሽን ፕሮቴክሽን አለ አብሩት፣ ሳይፈጽም የሚሞክር ድራይ ረንም አለ፣ እሱ ግን ፈቃድ እንዳላችሁ ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ ምን እንደሚጠፋ ሊስት አድርጎ አያሳያችሁም፣ ይሄንንም ዶክመንቴሽኑ ላይ ካልጻፋችሁት ኤጀንቱ ድራይ ረን አለፈ ብሎ ችግር የለውም ሊላችሁ ይችላል።

ያንን ማብራሪያ ከቀየርኩ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ያቺው ባልደረባችን፣ አርብ ማታ፣ በለመደችው አማርኛ «ሰርቨሩን አጥፋልን» ብላ ጻፈችለት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ኤጀንቱ እንዲህ ብሎ መለሰላት፣ «ላቁመው ነው ወይስ ልሰርዘው? ከሰረዝኩት ዲስኩ አብሮ ይጠፋል፣ የመጨረሻው ስናፕሾት ደሞ የተወሰደው ከ9 ቀን በፊት ነው።»

«አቁመው» ብላ ጻፈች፣ ከዛ ስናፕሾቱን ልትወስድ ተመልሳ ቁጭ አለች።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እዚሁ ነኝ።