ጠመኔ የነካው አኃዝ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ። የዛሬው የምስጋና ክፍል ነው ብለናል፣ ነውም። የመንገድ ዳር ድንጋይ፣ የድልድይ ጽሑፍ፣ የወደቀ ሰሌዳ አይታችሁ ዝም ብላችሁ ለማታልፉ፣ ለምትመዘግቡ ሁሉ።

ግን... ከእናንተ አንድ ሰው የላኩልን አንዲት ፎቶ አለች። ምስጋናውን ልጀምር ስል እሷ ትመጣብኛለች። የአርበኞች መታሰቢያ ድንጋይ፣ አምስት መስመር ጽሑፍ። ፊደሉ ሁሉ በነጭ ጠመኔ ተሞልቷል፤ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይነበባል። የመጨረሻው መስመር ድንጋዩ የተተከለበት ዓመት ነው፣ በግዕዝ አኃዝ። ፲፱፻፴፯። 1937 ማለት ነው።

ችግሩ ያችው የመጨረሻዋ አኃዝ ናት። ፮ እና ፯ ድንጋይ ላይ ሲያረጁ ይመሳሰላሉ። እስቲ ያን ቅጽበት ቀስ ብለን እንየው። ሰውየው ተንበርክከዋል። አራቱ መስመር አልቋል፣ እጃቸው ለምዷል። ፲፣ ፱፣ ፻፣ ፴፤ እነዚህ በደንብ ይታያሉ። ከዚያ የመጨረሻዋ። ላይዋ ተልጧል፤ ታችዋን የድንጋይ ሽበት ይዞታል። እዚህ ላይ መተው ይቻል ነበር። ባዶዋን፣ እንዳለች። ግን ከፊቷ ያለው ሁሉ ነጭ ሆኖ እሷ ብቻ ጥቁር ስትቀር ያልተጨረሰ ሥራ ትመስላለች። ጠመኔው እጅ ላይ ነው። ሞሏት። ከዚያች ሰከንድ ወዲህ ፎቶው ላይ የምናየው የአንባቢውን ውሳኔ ነው፤ ድንጋዩ ከሥሩ ተሸፍኗል። እኔ ደጋግሜ እዚያች ላይ ነው የምቆመው። ሳይነኳት በፊት ያለችው አንዲት ሰከንድ...

«የአንድ ዓመት ልዩነት ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ያመጣል እንጂ። ፲፱፻፴፮ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፤ 1936ን አይቶ «ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት» ብሎ የሚመዘግብ አይጠፋም። እሱ በፈረንጆች ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። የእኛ 1936 ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ከተመለሱ በኋላ የመጣ ነው፤ የነጻነት ዘመን ድንጋይ። ወረራና ነጻነት በአንድ ቁጥር ይምታታሉ። ስለዚህ ዓመት ብቻ ተጽፎ ስታገኙ በደፈናው ስምንት አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ወሩ ከሌለ ሁለቱንም ጻፉ፤ ለእኛ 1936፣ 1943/44 ብላችሁ።

የጣልያን ድልድይ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ታገኛላችሁ፤ በሮማን ቁጥር የተጻፈ የፋሽስት ዓመት። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከኦክቶበር 1922 ይጀምራል፤ አሥራ አምስተኛው ከኦክቶበር 1936 እስከ ኦክቶበር 1937 ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ደረጃም የዚሁ ቆጠራ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሽስት ዓመት። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። አላፈረሱትም፣ አንበሳ አስቀመጡበት። ስለ እሱ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ያስፈልጋል፣ አሁን ከጀመርኩ አላቆምም።

ወደ ጠመኔው። ጠመኔ የሚመጣው ፊደሉ አልታይ ሲል ነው። መድኃኒቱ ብርሃን ነው። ስልኩን ትሪፖድ ላይ አስራችሁ ከድንጋዩ ፊት ለፊት አቁሙት፤ እስኪያልቅ አይነቃነቅ። ሲመሻሽ፣ የእጅ ባትሪውን ከድንጋዩ ገጽ ጋር አጋድማችሁ፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ማዕዘን አብሩ። አራት ፎቶ፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች። አንዱ አይበቃም፤ ብርሃኑ በመጣበት አቅጣጫ የተጋደመ ጭረት ጥላ ስለማይጥል ይጠፋል። የካዕብ ቅጥያ አግድም ናት አይደል? ከጎን ብቻ ካበራችሁ «ተከሉ» የሚለው «ተከለ» ይሆንባችኋል፤ አገር አዋጥቶ የተከለው ድንጋይ የአንድ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ከላይ ስታበሩ ቅጥያዋ ትመጣለች።

የሽቦ ብሩሽ በፍጹም አይንካው። ሽበቱን ሲነቅል የድንጋዩን ቅርፊት ይዞ ይነሣል። ጠመኔውም ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ይሰርጋል፤ ለማውጣት ማሸት ይጠይቃል፣ ማሸቱ ደግሞ የፊደሉን ጠርዝ ይበላል።

የኢዛና ድንጋይ ትዝ ይላል እዚህ ላይ። በ1981 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ ገበሬዎች ያገኙት፣ ወደ አፄ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ። ካለበት የሚያነሣውን የሚረግም ቃል ተጽፎበታል፤ ጎጆ የተሠራለትም እዚያው በተገኘበት ነው። በግሪክኛ፣ በሳባ ፊደል በተጻፈ ግዕዝ፣ በግዕዝ ፊደል በተጻፈ ግዕዝ፤ ያውም ቅጥያ ገና ባልተቀጠለበት ፊደል። ስለ ቤጃ ዘመቻ ነው የሚናገረው። ስድስት አለቆች ለእያንዳንዳቸው 4,190 ከብት ተሰጣቸው፣ ድምሩ 25,140። አስቡት፤ አንዱ ቁጥር ቢጠፋ ከሌላው ይወጣል። ሦስት ጊዜ መጻፉ ራሱ መድን ነው። የእኛ የመንገድ ዳር ድንጋይ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚናገረው። አንዲት አኃዝ ከተበላሸች የሚያርማት የለም። ይሄን ሳስብ እናደዳለሁ።

ደግሞ ወዲያው... ሰውየው ባይንበረከኩ ምን ነበረን? ምንም። ያ መንገድ ሊሰፋ ነው፤ ግሬደር ሲመጣ አምስት መስመር ጽሑፍ አያነብም። የላኩትን ሁሉ ስታዩት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ብርቅ ነው። አራቱንም ጎን አንሥተዋል፣ ከሩቅም ከመንገዱ ጋር። መስመሩን ድንጋዩ ላይ በተሰበረበት ሰብረው ገልብጠዋል፣ የጸሐፊውን ግድፈት ሳያርሙ። የቦታውን መጠቆሚያ እስከ አምስተኛው አሥርዮሽ ሰጥተዋል፤ እሱ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ያደርሳል። የጂፒኤሱን ቅንብር፣ በየትኛው የመለኪያ መነሻ እንደሚሠራ፣ ሳይቀር ጽፈዋል። ብዙዎቻችሁ እሱን ትዘላላችሁ፤ የድሮዎቹ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሠሩ ናቸው፣ ስልካችሁ በሌላ ነው የሚሠራው። ሳትቀይሩ አንዱን በሌላው ላይ ብታስቀምጡ ድንጋዩ 200 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ማሳ ውስጥ፣ ወይ ከወንዙ ማዶ።

ስለዚህ ክብረት ይስጥልኝ፤ ከልብ። መዝገቡ ላይ «፲፱፻፴፯ (?)፣ በጠመኔ የተሞላ» ተብሎ ይገባል። ይሄ ይሻላል መሰለኝ። ወይስ አኃዟን ባዶ መተው... አይ፣ እሳቸው በዓይናቸው አይተዋል፣ እኔ አላየሁም። ከጠመኔው በፊት ያነሡት ፎቶ ካላቸው ሁሉም ነገር ይፈታል። መጠየቅ ነው። ግን እንዴት ተደርጎ ነው የሚጠየቀው፣ ያን ያህል ለፍተው። ክረምቱ ያጥበዋል እንዳልል፣ ድንጋዩ ፎቶው ላይ ወደ ፊት ያዘነበለ ይመስላል፤ ፊቱን ዝናብ አያገኘውም። ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ደግሞ የጎን ብርሃኑም አይሠራም፣ ጥላ የሚይዝ ቦታ የለማ... ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ብቻ ቢሆንስ፣ ሳይታሽ... እሱም የላላ ቅርፊት ካለ... እ... መልእክቱን ጀምሬዋለሁ፣ ምስጋናው ተጽፏል፣ ከእሱ በኋላ ያለው መስመር ነው...