ናጋሳኪ ማን አለሽ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ወሬውም ብቻን ስለመጓዝ ስለሆነ ይሄዳል። ጃፓን፣ ናጋሳኪ ሄጄ ነበር፣ አሮጌ ቤቶች ለማየት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

እማዬ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እዛ ደግሞ ማን አለሽ?» ብላ ነው። ማንም የለኝም። እኛ ጋ መንገድ የሚወጣው ለሰው ነው እኮ፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ፣ የታመመ ለመጠየቅ። ቤት ለማየት፣ ያውም ባለቤቱ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈውን ቤት ለማየት ያን ሁሉ ብር አፍስሶ ባሕር መሻገር ለእሷ የጤና አይደለም። አልተከራከርኳትም። ግን ከሰው ጋር ስትሆኑ አንድ በር ስር ቆማችሁ የእንጨቱን መጋጠሚያ እስኪበቃችሁ ማየት የለም። አንዷ ርቧታል፣ አንዱ ፎቶውን ጨርሷል፣ «እንሂድ እንጂ!» ይመጣል። ብቻዬን ስሆን የሚጎትተኝ የለም። በቃ ይኸው ነው ምክንያቴ፤ «ራሴን ፍለጋ» ምናምን የሚባለውን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ።

ለምን ኪዮቶ አይሆንም ላላችሁኝ፣ ኪዮቶ ማን ይጠላል። ናጋሳኪ ግን ጃፓን በሯን ዘግታ በኖረችባቸው ከሁለት መቶ በላይ ዓመታት ውስጥ ለአውሮፓ ነጋዴ የተተወች ብቸኛ ቀዳዳ ነበረች። ስለዚህ ቤቶቹ ይለያሉ። ቻይናም፣ ሆላንድም፣ ስኮትላንድም፣ ፈረንሳይም እዚያች ወደብ ላይ ተደራርበው ታገኟቸዋላችሁ። ከፉኩኦካ በባቡር ነው የሄድኩት፣ መሐል ላይ ታኬዎ ኦንሰን የሚባል ጣቢያ ወርዳችሁ እዚያው ፕላትፎርም ላይ ፊት ለፊት የቆመችውን ፈጣን ባቡር መያዝ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

ቆይ፣ ቦምብ ተጥሎባት የለ እንዴ፣ አሮጌ ቤት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። እኔም ከመሄዴ በፊት ይሄ ነገር አልገባኝም ነበር። ኦገስት 9 ቀን 1945 አውሮፕላኑ መጀመሪያ ያለመው ኮኩራ የምትባል ከተማን ነው። ከተማዋ አልታይ ስትለው ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ቦምቡ የፈነዳው ከወደቡ ወደ ሰሜን፣ ኡራካሚ በሚባለው ሸለቆ ላይ ነው። ናጋሳኪ ኮረብታ በኮረብታ ናት፤ ኡራካሚ ዶግ አመድ ሲሆን ኮረብታዎቹ የወደቡን ሰፈር ጋረዱት። በትራም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ታዩታላችሁ፤ በደቡብ በኩል የ1600ዎቹ ሥራዎች ቆመዋል፣ በሰሜን በኩል ከ1945 በፊት የነበረ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው።

መጀመሪያ ኦውራ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ዳገት ነው፣ ጉልበታችሁን ያዙ። የፈረንሳይ ካህናት በ1864 ያሠሩት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከውጭ ነጭ፣ ሹል፣ ልክ አውሮፓ። የሠራው ግን ኮያማ ሂዴኖሺን የሚባል ከአማኩሳ የመጣ ጃፓናዊ አናጢ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ጣሪያው በአውሮፓ ድንጋይ የሚሆነው ቅስት ነው፣ እዚህ ግን ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ ተጎንብሶ፣ በኖራ የተለሰነ። የእኛ ሰው ማገር አስሮ ጭቃ እንደሚመርገው ማለት ነው፣ ግን ራሳችሁ ላይ ተንጠልጥሎ! ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ እና እሰየው፤ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት። ያው ሰውዬ እዚያው ኮረብታ ላይ ኦልት ለሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ትልቅ ባለ ድንጋይ ቤት ሠርቷል። ከጎኑ ደግሞ የግላቨር ቤት አለ፣ የ1863። ግላቨር በ21 ዓመቱ ከስኮትላንድ መጥቶ መርከብና መሣሪያ ሲሸጥ የከበረ ጎረምሳ ነው። ቤቱ ሰፊ በረንዳ አለው፣ ጣሪያው ግን የጃፓን ሸክላ ክዳን ነው። ጃፓን ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆሙት በፈረንጅ ስታይል ከተሠሩ የእንጨት ቤቶች አንጋፋው እሱ ነው። ቱሪስቱ ግቢው ውስጥ ልብ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ሲፈልግ ይውላል፣ እኔ በረንዳው ስር ያለውን ምሰሶ ሳይ ቆየሁ። ፈረንጁ ሥዕል ሰጠ፣ አናጢው የሚያውቀውን እጅ ሰጠ። ሰፈሩን የወደድኩት በዚህ ነው።

ኦውራ ላይ ግን አንድ ታሪክ አለ፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ክርስትና በጃፓን በ1614 ታግዷል። ሰው ክርስቲያን አለመሆኑን እንዲያሳይ የክርስቶስን ወይም የማርያምን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይደረግ ነበር። ካህን የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ። ከዚያ በማርች 1865 ከኡራካሚ የመጡ ጥቂት ገበሬዎች አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ገቡና አንዲት ሴት ወደ ፈረንሳዊው ካህን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ እኛም እንደ እናንተ ነን አለችው። ቀጥላ የጠየቀችው የማርያም ሐውልት የት እንዳለ ነው። ሐውልቱ አሁንም አለ። ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስለዚያች ሴት ሳስብ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንባዬ መጣ። ብቻዬን በመሆኔ ደስ አለኝ፤ ምን ሆንሽ የሚል የለም።

ወደ ጎንደርም ሄደብኝ ሐሳቤ። ተመልከቱ፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ሕንድ ያለችውን የፖርቹጋሎቹን ጎዋን መነሻ አድርገው ወደ ጃፓንም ወደ እኛም መጥተዋል። እኛ ጋ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ ደም ፈሰሰ፣ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ፣ አፄ ፋሲል አባረራቸው። በዚያው በ1630ዎቹ ጃፓን ፖርቹጋሎችን አባረረች። ሁለቱ አገሮች የሚተዋወቁ አይመስለኝም፣ ግን በአንድ አስርት ዓመት በራቸውን ዘጉ። እኛ ከዚያ በኋላ ግንብ ሠራን፣ እነሱ ደግሞ ደጂማን አስቀሩ።

ደጂማ ማለት ባሕር ተደልድሎ በ1636 ያለቀ፣ ወደ 15 ሺህ ካሬ የምትሆን ሰው ሠራሽ ደሴት ናት። መጀመሪያ ለፖርቹጋሎች ተሠራች፣ ከ1641 ጀምሮ ግን ሆላንዶች ታጎሩባት፤ ያለ ፈቃድ ድልድዩን መሻገር የለም። ዛሬ ዙሪያዋ ተደልድሎ መሐል ከተማ ቀርታለች፣ ቤቶቹ እንደ ጥንቱ ተደርገው እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ትማሩበታላችሁ። እኔን ግን አልያዘኝም። ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ማንም የኖረበት አይመስልም። ቶሎ ወጣሁ።

የያዘኝ ሶፉኩጂ ነው። ከፉጂያን የመጡ ቻይናውያን በ1629 የመሠረቱት ቤተ መቅደስ። ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ትኬት የሚቆርጡ አንድ አዛውንት፣ አንዲት ድመት፣ እኔ። ሁለተኛው በር የ1690ዎቹ ሥራ ነው፣ እንጨቱ ቻይና ኒንግቦ ተጠርቦ በመርከብ የመጣ። ክፈፉ ስር ቀና በሉ፤ እንጨት በእንጨት ላይ፣ አንዱ የአንዱን ክርን ተደግፎ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቀለም፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ እንደ ጣት ተቆላልፎ ይወጣል። አዛውንቱ ሳፈጥ አይተው መጡና በጣታቸው አንዱን መጋጠሚያ ከታች ወደ ላይ እየተከተሉ አሳዩኝ። ቋንቋ የለንም። እሳቸው ይጠቁማሉ፣ እኔ «እእ» እላለሁ፣ ተግባባን። ግቢው ውስጥ ትልቅ የብረት ጎላ አለ፣ ሰው ይውጣል። በ1680ዎቹ መጀመሪያ ረሃብ ሲገባ መነኮሳቱ አሠርተው የሩዝ አጥሚት እያፈሉ ለሕዝቡ ያጠጡበት ነው። ከብሔራዊ ቅርሶቹ ይልቅ እሱ ጋ ብዙ ቆምኩ።

ኡራካሚን ለብቻው ቀን ስጡት። በእምነታቸው ምክንያት ተሰደው የተመለሱት የሰፈሩ ምዕመናን ምስል ይረገጥበት የነበረውን የመንደሩን ሹም ቤት ቦታ ገዝተው ነው ካቴድራል የሠሩበት። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ እንዲህ ነው እንጂ መመለስ! ቦምቡ ከዚያ 500 ሜትር ገደማ ላይ ፈነዳ። አሁን ያለው በ1959 እንደገና የተሠራ ነው፣ ከጎኑ ግን የወደቀው የደወል ጉልላት ቁልቁለቱ ላይ እንደተንከባለለ ተትቷል። እዚያው አቅራቢያ ሳኖ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ የድንጋይ በሩ ግማሹ ተቆርጦ ሄዶ በአንድ እግር ቆሟል።

ስለ ምግብ ጠይቃችሁኛል። ብቻችሁን ብትሆኑ ማንም አያፈጥባችሁም፤ ባንኮኒው ላይ ለአንድ ሰው ወንበር አለ፣ ቻምፖን የሚባል ወፍራም ኑድል ታዛላችሁ፣ የአሳማ ሥጋ ስላለበት የማትበሉ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሾርባውም ከሥጋ ነው። ጫማ ምቹ ይሁን፣ ደረጃው አያልቅም። ጁን ላይ አትሂዱ፣ ዝናብ ነው። እማዬ ፎቶዎቹን አይታ ጎላውን ወዳዋለች፣ ስንት እንጀራ ፈላጊ ያጠግባል ብላኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ አለኝ፣ ሐረር ያደገ አርክቴክት ነው፣ ስለ ጀጎል ቤቶች እንጨዋወታለን። ቻው።